ሻንት ወይስ ኢቲቪ፣ ዳይፐር ወይስ ካቴተር፣ ወጌሻ ወይስ ቀዶ ጥገና፦ ከኮዬ ፈጬ ሆኜ ሳወዳድራቸው

ልጄ ስድስት አመቷ ነው፣ ስፓይና ቢፊዳ ሚባል የጀርባ አጥንትና የነርቭ ችግር ይዛ ነው የተወለደችው። ስትወለድ ወገቧ ላይ የግማሽ ብርቱካን ያህል ውሃ የቋጠረ ስስ እብጠት ነበራት፣ እግሮቿ ደሞ ወደ ውስጥ የታጠፉ። የወለድኩበት ጤና ተቋም፣ ስሙ ይቅር፣ "የቆዳ ነገር ነው ስታድግ ይጠፋል" ብሎ በማግስቱ ሸኘን፣ እኔም አመስግኜ ወጣሁ። በሶስተኛው ቀን እብጠቱ ፈሳሽ ማንጠብጠብ ሲጀምር አክስቴ "ይቺ ልጅ ቤት ምትውል አደለችም፣ ተነሺ" ብላ በነጠላ ጠቅልላ ይዛት ወጣች። ከዛን ቀን ጀምሮ ያየሁትን እያየሁ ነው፣ እንደኔ አይነት ልጅ ያላቸው እናቶችም ቁጥሬን እየተቀባበሉ ይደውሉልኛል፣ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ "ከህክምናው የቱ ይሻላል?" ስለዚ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ሀኪም አደለሁም፣ ትንሽ ሱቅ ነው ያለችኝ። ሀኪም ሚያወዳድረው ኤምአርአዩን አይቶ ነው፣ እኔ ደሞ ማወዳድረው አራተኛ ፎቅ ላይ ኖሬ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ታክሲ ሚባል ነገር በሌለበት ሆኜ ነው። ሆስፒታሉ አጠገብ ለሚኖር ሰው ጥሩ የሆነው ምርጫ ለኮዬ፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩ፣ ለሱሉልታ ሰው ጥሩ ላይሆን ይችላል፣ ይሄን ደሞ ካርድ ክፍል ማንም አይነግራችሁም።

ስሞቹን ቶሎ ልለፋቸው። የጽንሱ የነርቭ ቱቦ፣ በኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ሚሆነው፣ ሚዘጋው ከተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ ብዙዎቻችን ገና "የወር አበባ ቀረብኝ እንዴ" እያልን ባለንበት ማለት ነው። በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ስፓይና ቢፊዳ ይሆናል። ኦኩልታ ሚባለው ስውሩ አጥንቱ ላይ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ለሌላ ነገር ራጅ ሲነሳ በአጋጣሚ ያውቀዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ምንም አያደርግም፤ ሜኒንጎሲል ደሞ ከረጢቱ ወጥቶ ነርቩ ግን ውስጡ የሌለ ነው፤ የኔዋ ማይሎሜኒንጎሲል ነው፣ ከባዱ፣ ነርቩ ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ያለ። ወገቡ ላይ የጸጉር ቁጥቋጦ፣ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ወይ ለስላሳ የስብ እብጠት ያለው ህጻን ካለ ግን ዝም አትበሉ አሳዩት፣ ከስር ነርቩ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ቁመት ሲጨምር ነው ሚጎተተው።

መጀመሪያ ምርጫ የሌለበትን እናውጣው

ክፍት የሆነው ጀርባ ይዘጋ አይዘጋ ሚባል ውይይት የለም፣ ይዘጋል። ሚመረጠው ከተወለደ ከ48 እስከ 72 ሰአት ውስጥ ነው፣ በዛ ክፍት ቦታ ጀርም ገብቶ ማጅራት ገትር ያመጣላ። የኔ ልጅ በዘጠነኛ ቀኗ ነው የተዘጋላት፣ ከዛ በፊት በአንቲባዮቲክ ነው የቆየችው፣ ዘግይቶም ግን ተሰርቷል፣ ስለዚ "ጊዜው አልፏል" ብላችሁ ቤት እንዳትቀሩ። ደሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀዶ ጥገናው ያለውን ያተርፋል እንጂ የሞተውን ነርቭ አይመልስም። እኔ እግሯ ይንቀሳቀሳል ብዬ ከተኛችበት አልጋ ስር ሆኜ ጣቶቿን ስኮረኩር ነበር ያደርኩት።

ሆስፒታል እስክትደርሱ በሆዱ አስተኙት፣ እብጠቱን በሳላይን (ጀርም የሌለበት የጨው ውሃ) በራሰ ንጹህ ጎዝ ሸፍኑ፣ እንዳይደርቅ ላዩ ላይ ንጹህ ፕላስቲክ፣ በቃ። ቅቤ የለም፣ ቫዝሊን የለም። ፀበል ደሞ... እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አትቆጡኝ፣ ንስሃ አባቴን ጠይቄያቸው "አንቺ ተጠመቂላት፣ ቁስሏን ለሀኪም ተይው" ነው ያሉኝ፣ እንደዛው አደረኩ።

የት ለሚለው፣ መንግስት ጋ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው የህጻናት ነርቭ ቀዶ ጥገና በብዛት ሚሰራው፣ ጥቁር አንበሳም አለ። ግል ጋ ወረፋው ያጥራል፣ ሂሳቡ ግን አንዴ ከፍላችሁ ምትገላገሉት አደለም፣ ይሄ ልጅ በእድሜው ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ምናልባት ብዙ ጊዜም ይሰራለታል። እኔ የደረስኩበት፣ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ሲያስቸግር ግል ላይ አሰርቶ ፊልሙን ይዞ መሄድ፣ ቀዶ ጥገናው ግን እንደዚ አይነት ልጅ በየሳምንቱ ሚያይ እጅ ጋ። የጤና መድን ያላችሁ ደሞ ሪፈሩ ከተመዘገባችሁበት ጤና ጣቢያ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም፣ በተለይ እንደኛ የአዲስ አበባና የሸገር ድንበር ላይ ምትኖሩ መታወቂያችሁና መድናችሁ የየት እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ፣ እኔ ልጅ ታቅፌ ሁለት ቢሮ ተመላልሻለሁ።

በእርግዝና ከታወቀስ? የባሌ እህት ከአሜሪካ ጽንሱ ማህጸን ውስጥ እያለ ሚሰራበትን ቪዲዮ ልካልኝ ነበር፣ እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ሻንት፣ ማለት ከጭንቅላት ውሃ ሚያፈስ ቱቦ፣ የማስፈለጉን ነገር ከ82 ወደ 40 ፐርሰንት እንዳወረደው አሳይቷል፣ ሚሰራውም ከ26 ሳምንት በፊት ነው፣ ግን ያለ ቀኑ መወለድ ያመጣል፣ የእናትየውም ማህጸን ላይ ጠባሳ ይቀራል። እዚ ላለን ሰዎች ይሄ ምርጫ አደለም። በ20 ሳምንት አካባቢ አልትራሳውንድ ከታየ ግን ትልቅ ነገር ታተርፋላችሁ፣ የነርቭ ቀዶ ጥገና ሀኪም ያለበት ሆስፒታል ነው ምትወልዱት፣ እንደኔ ሶስት ቀን አታባክኑም።

ሻንት ወይስ ኢቲቪ

እውነተኛው ምርጫ እዚ ነው። ማይሎሜኒንጎሲል ያለባቸው ብዙ ልጆች ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ሃይድሮሴፋለስ ማለት ነው። ውሃውማ ሁላችንም ጋ ይመረታል፣ እነሱ ጋ መውጫው ነው ሚታፈነው።

ሻንት ቀጭን ቱቦ ነው። ከአንጎል ተነስቶ ከጆሮ ጀርባ፣ በቆዳ ስር አንገትና ደረትን አልፎ ሆድ ውስጥ ይፈሳል፣ መሃሉ ላይ ቫልቭ አለው፣ በጣት ሲነካ የተነከረ ባቄላ ይመስላል። ጥሩነቱ ወዲያው ይሰራል፣ ሚያውቀው ሀኪምም ብዙ ነው። ችግሩ እቃ ነው፣ እቃ ደሞ ይደፈናል፣ ይላቀቃል፣ ጀርም ይይዛል፣ በመጀመሪያው አመት ብቻ ከአስሩ አራት ያህሉ ይበላሻል። ሲደፈን ደሞ ነገ ጠዋት እንሄዳለን አይባልም።

ኢቲቪ ሚባለው በካሜራ ገብተው ለውሃው አዲስ መውጫ መክፈት ነው፣ ለጨቅላዎች ደሞ ውሃውን ሚያመርተውን ስስ ስጋ አብረው ይተኩሱታል፣ ሲፒሲ ይሉታል። ምንም ባእድ ነገር ውስጥ አይቀርም። ሁለቱን አጣምሮ ጨቅላዎች ላይ ያስፋፋው ቤንጃሚን ዋርፍ ሚባል አሜሪካዊ ሀኪም ነው፣ እዚሁ ዩጋንዳ ምባሌ ከተማ ኪዩር ሆስፒታል ሲሰራ። ለምን መሰላችሁ? ሻንት አስገብቶ የሸኛት እናት ቱቦው ሲደፈን ከገጠር በሰአቱ መድረስ ስለማትችል ነው። ይሄን ሳነብ የኮዬ መንገድ ነው ፊቴ ድቅን ያለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የምባሌ ጥናት ደሞ ከኢንፌክሽን በኋላ ውሃ የተጠራቀመባቸውን 100 ህጻናት በእጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በሻንት ግማሹን በኢቲቪና ሲፒሲ ሰርቶ፣ ከአንድ አመት በኋላ የአእምሮ እድገታቸው ላይ ይሄ ነው ሚባል ልዩነት አላገኘም። ስለዚ "ሻንት ያልገባለት ልጅ ጭንቅላቱ ትልቅ ሆኖ ይቀራል፣ አይማርም" ሚሏችሁን ተዉአቸው።

ኢቲቪም የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም ልጅ ላይ አይሆንም፣ ካሜራውና የሰለጠነ ሰው ሁሉም ቦታ የለም፣ ሲከሽፍ ደሞ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ነው ሚከሽፈው። ያንን ካለፈ ግን ከሻንት በተሻለ ተኝታችሁ ታድራላችሁ።

እኛ ሁለቱንም ቀምሰናል። ኢቲቪ ተሰራላት፣ በአራተኛው ወር መውጫው ተዘጋ፣ ሻንት ገባላት። እንዴት እንዳወቅኩ ልንገራችሁ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሜትሯን ተውሼ በየእሁዱ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ጭንቅላቷን ከቅንድቧ ከፍ አድርጌ ከኋላ በሰፊው ቦታ ዞሬ እለካና የክትባት ካርዷ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። በዛ እድሜ ጭንቅላት በወር አንድ ሴንቲ ገደማ ነው ሚያድገው፣ በአንድ ሳምንት አንድ ሴንቲ ተኩል ሲጨምር ሜትሩ ተስቦ መስሎኝ ሶስቴ ለካሁት፣ ከዛ የባሌን ጭንቅላት ለካሁ፣ ያው ነው፣ በዛው ወጣን። ማየት ያለባችሁ ሌላው፦ እርግብግቢቷ፣ አናቷ ላይ ያለችው ለስላሳ ቦታ፣ ስታብጥና ስትወጠር፣ ትውከት፣ እንቅልፍ ሲበዛ፣ አይኑ ወደ ታች ወርዶ ነጩ ከላይ ሲታይ። ትልልቆቹ ላይ ራስ ምታትና የጸባይ መቀየር። ትኩሳት ካለ ሻንቱ ጀርም ይዞ ይሆናል።

ብደግመውም ሀኪሙ ይሆናል ካለ ኢቲቪን ነው ማስቀድመው፣ ከከሸፈ ሻንት አለላ። ስድስቱን ወር ግን ሜዳ ላይ አታሳልፉት፣ ሆስፒታል አካባቢ ዘመድ ያለው እዛ ይሰንብት። ሻንት ከሆነ ደሞ መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ በር ላይ ለጥፉ፣ ኮንትራት ታክሲ ሌሊት ኮዬ ድረስ አይመጣም፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። "የህንዱ ርካሽ ሻንት አይረባም፣ የውጩን ግዙ" ሚላችሁ ሰው ካለ ደሞ እዛው ዩጋንዳ የህንዱን ቻብራና ብዙ እጥፍ ውድ የሆነውን አወዳድረው ልዩነት አላገኙም፣ ፍሪጃችሁን አትሽጡ።

ሽንት፣ ማንም ቀድሞ ማያወራው

እኔ ብጠየቅ ከሻንት እኩል ኩላሊት ነው ሚያስፈራኝ። ፊኛዋን ሚያዘው ነርቭ ስለተጎዳ ሽንት ሙሉ ለሙሉ አይወጣም፣ ይቀራል፣ ይቆሽሻል፣ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ከውጭ ሚታየው ግን ዳይፐር መርጠቡ ብቻ ነው፣ ስለዚ ሰው "ትሸናለች እኮ" ይላል።

ዳይፐር ብቻ ማድረግ ቀላሉ ነው፣ ግን የወር ወጪውን አስሉት፣ ኩላሊቱም ይበላል። ሆድ ተጭኖ ማስወጣት ሚያስተምሩ አሉ፣ እኔም አንድ ሰሞን አድርጌዋለሁ፣ ተዉት፣ ግፊቱ ወደ ላይም ነው ሚሄደው። ውስጥ ሚቀር ካቴተር፣ ማለት ሽንት ሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ለሆስፒታል እንጂ ለዘወትር አይሆንም፣ ኢንፌክሽን ነው ትርፉ። ሚቀረው በየሶስት አራት ሰአቱ ካቴተር አስገብቶ አፍስሶ ማውጣት ነው። ስሰማው አልቅሻለሁ። ያስተማረችኝ ሲስተር "ጥርስ እንደማጠብ ይሆናል" ስትለኝ በልቤ ሰድቤአታለሁ፣ አሁን ቡና እየፈላ ተነስቼ ጨርሼ ሁለተኛው ሳይወርድ እመለሳለሁ።

ውሃ በሌለበት ሰፈር እንዴት ይቻላል ለምትሉ፣ ጃክ ላፒደስ ሚባል የሚቺጋን ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳየው እኮ ይሄንኑ ነው፣ ስቴራይል መሆን የለበትም፣ ንጹህ መሆን ነው ያለበት፣ ጀርሙን ሚያሸንፈው ፊኛው ቶሎ ቶሎ ባዶ መሆኑ ነው። ስለዚ አንድ አምስት ሊትር ጀሪካን ለሷ ብቻ ተለይቶ ተቀምጧል፣ እንግዳ ቢመጣም አይነካም። እጅ በሳሙና፣ ካቴተሩ በሳሙና ታጥቦ፣ ውስጡ ውሃ አልፎበት፣ ደርቆ ክዳን ባለው ንጹህ እቃ ውስጥ። ፈረቃው ስለቀረ አንድ ቀን መዝለል የለም። ሀኪሙ ካዘዘ ፊኛውን ሚያላላ ኦክሲቡቲኒን ሚባል መድሃኒትም አለ፣ የኩላሊት አልትራሳውንድ ደሞ በየስድስት ወሩ ወይ በየአመቱ። ካቴተር ስትገዙ ፎሊ ሚባለውን፣ ጫፉ ላይ ሚነፋ ነገር ያለውን፣ አትውሰዱ፣ አብዛኛው ላቴክስ ነው። እነዚህ ልጆች ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ብዙ ቀዶ ጥገና ስለሚሰራላቸው ላቴክስ አለርጂ በጣም ይይዛቸዋል፣ የጎማ ጓንትም የልደት ፊኛም ይቆጠራል። በየካርዱ ላይ በቀይ አስጽፉት፣ ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይም ድገሙት።

እግር

ቆልማማ እግር በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረ ሚቃናበት ፖንሴቲ ሚባል ዘዴ አለ፣ አዲስ አበባ ኪዩር ሆስፒታል ይሰሩታል፣ እነዚህ ልጆች ላይ ግን ቶሎ ይመለሳል፣ ቆዳውም ስለማይሰማው ጀሶ ስር ሊቆስል ይችላል፣ ጣቶቹን እያያችሁ። ብሬስ (እግር ሚደግፍ ማሰሪያ) ና ክራንች ወይስ ዊልቸር ሚለው ክርክር እኔ ጋ የለም፣ ቤት ውስጥ በብሬስ ትቆማለች፣ ሩቅ በዊልቸር። ለነዚህ እቃዎች መናገሻ ያለው ቼሻየር ጥሩ ነው፣ ከኮዬ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው እንጂ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው ምንወጣው። ከአራተኛ ፎቅም ወርደናል፣ ምድር ያሉ ባልና ሚስት ጫጫታ ሰልችቷቸው ቤት ተቀያየርን፣ ከማንኛውም ህክምና በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

አንዴ ቡና አፍልቼ፣ እግሯን ዘርግታ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ካልሲዋ ከሰሉ ላይ ነበር። እሷ እየሳቀች ነው ምታየኝ። ሁሌ ማታ ስትተኛ እግሯን በባትሪ ማየት የጀመርኩት ከዛ በኋላ ነው።

የጎበጠ አከርካሪ፣ ወጌሻ ወይስ ቀበቶ ወይስ ብረት

ይሄ ሌላ ነው። ቱሉ ዲምቱ ምትኖር ጓደኛዬ ልጇ ጀርባው ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ አንዱ አጥንት ግማሹ ብቻ ነው የተሰራው፣ ሄሚቨርቴብራ ይሉታል፣ እሱም በእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት የተወሰነ ነው። ወጌሻ ጋ ወስዳው በቅቤ ታሽቷል፣ ተስቧል። እኔ ወጌሻን አልንቅም፣ እጄ ሲወልቅ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው፣ ግን ይሄ የወለቀ አጥንት አደለም፣ ተሰርቶ የመጣው እንደዛ ነው፣ ሚመለስበት ቦታ የለውም፣ ከስሩ ደሞ ነርቭ አለ።

ቀበቶውም ቢሆን፣ ማለት ብሬሱ፣ አድገው ለሚጎብጡት እንጂ አብሮ ለተወለደ ጉብጠት ብዙ አይይዝም፣ አጥንቱ ራሱ ነው የተጣመመው። ስለዚ ፉክክሩ በመጠበቅና በመስራት መሃል ነው። በየስድስት ወሩ ራጅ ይነሳል፣ ካልጨመረ ይጠበቃል፣ ከጨመረ ልጁ ትንሽ እያለ ያንን ግማሽ አጥንት ማውጣት ይሻላል፣ ወይም ከእድገቱ ጋር ሚረዝም ብረት ይገባል። የአከርካሪ አጥንቶቹን ሁሉ ቶሎ ማጣበቅ ደሞ ደረቱን አጭር ያደርገዋል፣ ሳንባው ሚያድግበት ቦታ ያጣል። ቀዶ ጥገና ከመወሰኑ በፊት ሶስት ነገር ጠይቁ፦ የነርቩ ኤምአርአይ፣ የኩላሊት አልትራሳውንድ፣ የልብ ኤኮ፣ አብረው ሚሰሩ አካላት ስለሆኑ አብረው ይጎድላሉ። ደሞ ድሮ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ ልጅ ድንገት ከጎበጠ፣ ካሳለው፣ ማታ ማታ ካላበው ይሄ አብሮ የተወለደ ላይሆን ይችላል፣ የአጥንት ቲቢ በመድሃኒት ነው ሚጀመረው።

በጣም ለከፋው ዶክተር ሪክ ሆድስ እዚህ አዲስ አበባ ሆኖ ልጆቹን እየመረመረ ጋና አክራ ፕሮፌሰር ኦሄነባ ቦአቺ አጄ ወዳቋቋመው ፎኮስ ሆስፒታል ሲልክ ኖሯል፣ አንዳንዶቹ እዛ ራሳቸው ላይ ቀለበት ታስሮ ለሳምንታት ቀስ እያለ ከተሳቡ በኋላ ነው ሚሰራላቸው። ሰው ሁሉ እዛ ልሂድ ይላል፣ ግን ቀድሞ የታየ ትንሽ ጉብጠት እዚሁ ቀላል ነው፣ ያ ሁሉ መንገድ የዘገየው ላይ ነው ሚመጣው።

ለሚቀጥለው እርግዝና

ጤና ጣቢያ ምትሰጠው ቀይ ክኒን አይረንና ፎሌት ናት፣ የጽንሱ የነርቭ ቱቦ እንዲዘጋ ሚረዳው ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም አላት፣ ችግሩ ምትሰጠው እርግዝናው ገፍቶ ክትትል ሲጀመር ነው፣ ቱቦው ደሞ በ28 ቀን ተዘግቶ አልቋል። ስለዚ ለማንኛዋም ሴት መጀመር ያለበት ሳይጸነስ በፊት፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ነው። አንዴ እንደኔ ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ልጅ የወለደች ደሞ መጠኑ ሌላ ነው፣ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊግራም፣ አስር እጥፍና ከዛ በላይ፣ በሀኪም ትእዛዝ። አንዷ እናት "እሺ ቀይዋን አስር አስር እውጣታለሁ" ስትለኝ ደነገጥኩ፣ በፍጹም፣ አስሯ ውስጥ 600 ሚሊግራም አይረን አለ፣ መርዝ ነው። ፎሊክ አሲድ ብቻውን 5 ሚሊግራም ተብሎ ለብቻው ይታዘዛል። የሚጥል በሽታ መድሃኒት ምትወስዱ፣ በተለይ ቫልፕሮኤት፣ ከማርገዛችሁ በፊት ሀኪሙን አናግሩ፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ሁለተኛዋን ሳረግዝ ከሶስት ወር በፊት ነው የጀመርኩት። ጀርባዋ ደህና ሆኖ ተወለደች፣ ክኒኑ ነው ብዬ አልምልም፣ ያለ ክኒንም አብዛኛው ሁለተኛ ልጅ ደህና ነው ሚወለደው። አሁን አልጋው ስር ገብታ የእህቷን ብሬስ ማሰሪያ እየፈታች ነው፣ ትልቋ ደሞ በክራንቿ ጫፍ እየነካካች "ውጪ አልኩሽ" እያለቻት ነው።